ልብ ካላየ ዓይን አያይም፦ አስተውሎትና ኮቺንግ በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ውስጥ

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።



ንግግሬን በአንድ ተማሪ ልጀምር። ይህ ተማሪ አንድ የተወሰነ ሰው አይደለም፤ በማስተማር ባሳለፍኋቸው ዓመታት የቢሮዬን በር ካንኳኩ ብዙ ተማሪዎች የተጠራቀመ ሥዕል ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። የአጋማሽ ፈተናው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ሀንዳውቱን ይዞ ይመጣል። ሀንዳውቱ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል። ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ድረስ ተቀምጦ እንደሚያነብ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ይመሰክሩለታል። ውጤቱ ግን ከማለፊያው በታች ነው። «መምህር፣ በቀን ስንት ሰዓት ልጨምር?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ሀንዳውቱን ከእጁ ተቀብዬ እዘጋውና «ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ሐሳብ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» እለዋለሁ። ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶም «አንብቤዋለሁ እኮ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ዓይኑ አንብቦታል።

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው ብሂላችን የዚህን ተማሪ ችግር በአራት ቃላት ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ተማሪው የጠየቀኝ ስለ ሰዓት ብዛት ነው። ከዚያ በፊት ግን መመለስ የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ በእነዚያ ሰዓታት ልብህ የት ነበር? ሁለተኛው፣ ማወቅህን በምን ታውቃለህ? የሚሉት ናቸው። ዛሬ የምናገርላቸው ሁለት ነገሮች፣ አስተውሎትና ኮቺንግ፣ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚሰጡ መልሶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲቆሙ አቅማቸው ውስን እንደሆነ፣ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሞላ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የማይችሉትንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ነገሩ የአንድ ተማሪ ጭንቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መድረክ ባልበቃ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ሬሜዲያል በምንለው የማካካሻ ትምህርት በኩል ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በስፋት በተጀመረው የመውጫ ፈተናም ከተፈተኑት 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች የሰነፍ ትውልድ ማስረጃ ናቸው ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔ ግን አላምንበትም። ከቁጥሮቹ ጀርባ እንደዚያ ዓይነት፣ ብዙ ተቀምጦ ጥቂት የሚይዝ፣ ምክንያቱንም ማንም ያላስረዳው ተማሪ በብዛት አለ ብዬ አምናለሁ።

ስለ ስያሜዎቹ

አስተውሎት የምለው በዓለም ላይ ማይንድፉልነስ በሚል ስም የሚታወቀውን ልምምድ ነው። ለነገሩ ቋንቋችን እንግዳ አይደለም። «ልብ በል»፣ «ልቤ ሄደ»፣ «ልቡ ሸፈተ» እንላለን። ልብ የሚሄድና የሚመለስ ነገር መሆኑን አነጋገራችን ራሱ ያውቃል። አስተውሎት ማለት እንግዲህ ልብ አሁን የት እንዳለ ማወቅ፣ ሄዶ ሲገኝም ራስን ሳይቆጡና ሳይወቅሱ መመለስ ነው። ብዙ ሰው ልምምዱ አእምሮን ባዶ ማድረግ ይመስለዋል፤ እንዲህ አይደለም። ተለማማጁ ተቀምጦ ትንፋሹን ይከታተላል። ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ሐሳቡ ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ገንዘብ ችግሩ፣ ወደ ነገው ፈተና ይሄዳል። መሄዱን ባወቀ ጊዜ ይመልሰዋል። እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና ይመልሰዋል። ስፖርተኛ ክብደት ባነሣ ቁጥር ጡንቻው እንደሚሠራ፣ እዚህም ሥራው ያለው በመመለሱ ላይ ነው። ሐሳቡ ሃያ ጊዜ የሄደበት ሰው ሃያ ጊዜ ከመለሰው ሃያ ጊዜ ተለማምዷል እንጂ አልተሸነፈም።

የልምምዱ ሥር በቡድሂዝም የተመስጦ ትውፊት ውስጥ ነው። ዛሬ በምናውቀው ዓለማዊ መልኩ ያቀናበረው በሞለኪውላር ባዮሎጂ የሠለጠነው አሜሪካዊ ጆን ካባት-ዚን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመምና ውጥረት ላለባቸው ሕሙማን ሥልጠና አድርጎ ጀመረው። ወደ ትምህርት ተቋማት የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮቺንግ የሚለውን ቃል ደግሞ «ሥልጠና» ብዬ ልተረጉመው እችል ነበር። ነገር ግን በእኛ አገር አሠልጣኝ ሲባል በሜዳው ዳር ቆሞ የሚጮኸው ሰው ትዝ ይለናል፤ አማካሪ ሲባልም መልሱን ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይታሰበናል። ኮች ከሁለቱም ይለያል። ቃሉ የመነጨው ኮች ከምትባል የሃንጋሪ መንደር ነው፤ በመንደሯ ይሠራ የነበረ ምቹ ሠረገላ ስሟን ይዞ በአውሮፓ ተሠራጨ። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን የግል አስጠኚ በቀልድ «ሠረገላ» ይሉት ጀመር፤ ተሳፋሪውን ካሰበበት ያደርሳልና። ቃሉ ወደ ስፖርት የተሻገረው ከዩኒቨርሲቲ ነው ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ፦ መድረሻውን የሚመርጠው ተሳፋሪው ነው።

ልብ ሲሸፍት ምን ይጎድላል?

በአንድ ቅጽበት በአእምሯችን ይዘን ልናገላብጠው የምንችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሥራ ላይ ያለ ትውስታ ይሉታል፤ ኔልሰን ካዋን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር አቅሙን ወደ አራት ያህል ፍሬ ነገር አውርዶ ገምቶታል። አንድ ተማሪ የሒሳብ ማረጋገጫ ሲከታተል፣ የተሰጠውን፣ የሚፈለገውንና አሁን የደረሰበትን ደረጃ በዚህች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ መያዝ አለበት። «ከወደቅሁ ለእናቴ ምን እላታለሁ?» የሚለው ሐሳብ በጠረጴዛዋ ላይ አንድ ቦታ ከያዘ፣ ከማረጋገጫው አንዱ ይወድቃል። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ቦታ ስላነሰው ነው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ለሚማረው የእኛ ተማሪ ደግሞ ጠረጴዛዋ ከመጀመሪያውም የተጨናነቀች ናት፤ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ራሱ ቦታ ይይዛልና።

ይህ ጥበት በልምምድ ሊቃለል ይችላል? በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ይህን ፈትሿል። ተመራማሪዎቹ 48 የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለሁለት ሳምንት አስተውሎትን ተማረ፤ ሁለተኛው በተመሳሳይ ጊዜ ስለ ሥነ ምግብ ተማረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አስተውሎት የተማሩት በንባብ የመረዳት ፈተናም ሆነ ሥራ ላይ ባለ ትውስታ መለኪያ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ፤ በፈተናው ወቅት ሐሳባቸው የመባዘኑ መጠንም ቀነሰ። መሻሻሉ በተለይ ጎልቶ የታየው ቀድሞውኑ ሐሳባቸው ቶሎ ይባዝን በነበሩት ላይ ነው። ውጤቱ ያስደስታል። ሆኖም ተማሪዎቹ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ሰፋ ያለው ማስረጃ የመጣው ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተካሄደው በዚህ ሙከራ 616 ተማሪዎች በዕጣ ተመደቡ። ግማሾቹ ከተለመደው የዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት በተጨማሪ የስምንት ሳምንት የአስተውሎት ኮርስ ወሰዱ፤ የቀሩት ያንኑ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ማግኘት ቀጠሉ። መለኪያው የተወሰደው ጭንቀት በሚበረታበት በዓመቱ መጨረሻ የፈተና ወቅት ነበር። ኮርሱን ካልወሰዱት 57 በመቶው የሥነ ልቦና ጭንቀታቸው ከአሳሳቢው መስመር በላይ ሲሆን፣ ከወሰዱት መካከል በዚያ ደረጃ ላይ የተገኙት 37 በመቶ ነበሩ። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በፈተና ውጤታቸው ላይ ግን ጥናቱ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። አስተውሎትን የሚያስተዋውቁ ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ነግረዋችሁ ሁለተኛውን ሊዘሉት ይችላሉ። የቀነሰ ጭንቀት በራሱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የተረጋጋ ተማሪ ሁሉ ግን የተማረ ተማሪ አይደለም። ስህተት የሆነ የአጠናን ዘዴ የያዘ ሰው ተረጋግቶ ሊሳሳት ይችላል። በዚህ ላይ፣ በዩናይትድ ኪንግደም በ85 ትምህርት ቤቶች፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 14 በሆነ ከ8,000 በላይ ልጆች ላይ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታወቀው ሙከራ፣ ለሁሉም ልጆች በክፍል ውስጥ የተሰጠው የአስተውሎት ትምህርት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ የአእምሮ ጤና ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። አብዛኞቹ ልጆች ልምምዱን ከክፍል ውጪ እምብዛም አልሠሩትም። በካምብሪጅ የነበሩት ኮርሱን ፈልገው የተመዘገቡ ወጣቶች ናቸው። ፈልጎ የሚያደርጉትና ታዞ የሚያደርጉት ልምምድ አንድ ዓይነት ፍሬ እንዲያፈራ መጠበቅ አይገባም።

ማወቅህን በምን ታውቃለህ?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሻገር። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ስለ ተማሪያችን ብዙ ይነግረናል። አንዱ ቡድን አንድን ምንባብ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው ጥቂት አንብቦ፣ ወረቀቱን ዘግቶ፣ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋጋሚዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ዘግተው የጻፉት በሰፊ ልዩነት በለጡ። ከሁሉም የሚገርመው፣ በደንብ እንደሚያስታውሱ ይበልጥ እርግጠኞች የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። ደጋግሞ ማንበብ ጽሑፉን ለዓይን ያለማምዳል፤ ዓይን የለመደውን ልብ ያወቀው ይመስለናል። በቢጫ የተሰመረበት ሀንዳውት የዚህ መምሰል ሐውልት ነው።

ይህን ስህተት ተማሪው ብቻውን ሆኖ ማየት ይቸግረዋል፤ የሚያታልለው የራሱ ስሜት ነውና። የሚጠይቀው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ኮቺንግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኮች ጥያቄ ጠያቂ ነው፦ በዚህ ሳምንት ምን ለማወቅ አስበህ ነበር? ከዚያ ውስጥ የትኛውን አወቅህ? በምን አረጋገጥህ? የት ላይ ተያዝህ? እስከምንገናኝ ድረስ ምን ታደርጋለህ፤ መቼና የት ተቀምጠህ? በሚቀጥለው ሳምንትም ውይይቱ የሚጀምረው ባለፈው ከተስማሙበት ነው። መልሱን የሚያመጣው ተማሪው ስለሆነ ውሳኔውም የእርሱ ይሆናል።

ይህ ያፈራል ወይ? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤሪክ ቤቲንገርና ሬቸል ቤከር በስምንት የአሜሪካ ተቋማት የነበሩ 13,555 ተማሪዎችን መረጃ መርምረዋል። ተማሪዎቹ ኮች እንዲያገኙ ወይም እንዳያገኙ የተመደቡት በዕጣ ነበር፤ ብዙዎቹም ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ጎልማሶች ነበሩ። ኮች ያገኙት ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ የመቀጠል ዕድላቸው ከስድስት ወር በኋላ በአምስት መቶኛ ነጥብ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ልዩነቱም ኮቺንጉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ አልጠፋም።

ከዚህ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ፊሊፕ ኦሬዮፖሎስና ኡሮስ ፔትሮኒየቪች ከ4,000 በላይ የአንደኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችን ይዘው ሦስት ነገሮችን አወዳደሩ። ለአንዳንዶቹ በኢንተርኔት የሚሠራ የግብ ማስቀመጫ መልመጃ ሰጡ። ለሌሎቹ በተጨማሪ የማበረታቻና የምክር የስልክ መልእክት ላኩ። ለጥቂቶች ደግሞ ከከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል የተመረጠ ኮች መደቡላቸው። ኮቹ በየሳምንቱ ያገኛቸዋል፤ ሲጠፉም እርሱ ራሱ ይፈልጋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መንገዶች የተማሪዎቹን ውጤት አላሻሻሉም። ሰው ያገኙት ግን በኮርስ ውጤታቸው ጎልቶ የሚታይ መሻሻል አሳዩ። የኮች ቡድኑ እጅግ አነስተኛ ስለነበረ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ አቅጣጫው ግን ያስተምራል። መልእክት ርካሽ ነው፤ በአንድ ጠቅታ ለሺዎች ይደርሳል። ተማሪው ግን መልእክቱን ማን እንዳልጻፈው ያውቃል።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ

አሁን ሁለቱን ላገናኛቸው። አንዲት ተማሪ ለኮቿ «ስታትስቲክስ አይገባኝም» አለቻት እንበል። ይህ ፍርድ ነው፤ በፍርድ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ኮቿ «እስቲ የት ላይ እንደቆምሽ አብረን እንፈልግ» ትላታለች። ደብተሩን ይከፍታሉ። አማካይ ዋጋ ይገባታል። ልዩነቶችን መደመርም ይገባታል። የተያዘችው ቫሪያንስ ሲሰላ ልዩነቱ ለምን በራሱ እንደሚባዛ ባለማወቋ ነው። «ስታትስቲክስ አይገባኝም» የሚለው ፍርድ ወደ አንድ ጥያቄ ተለወጠ፤ ጥያቄ ደግሞ ለመምህር ሊቀርብ፣ በመጽሐፍ ሊፈለግ ይችላል። ኮቺንግ ቦታውን አገኘ።

ነገር ግን ተማሪዋ ወደ መኝታ ክፍሏ ተመልሳ ያንኑ ገጽ ስትከፍት ምን ይሆናል? ቀመሩን ገና ስታየው ደረቷ ይጨመቃል፤ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እጇም ሳታውቀው ስልኳን ያነሣል። ስልኩ ላይ አርባ ደቂቃ ታሳልፋለች፤ ከዚያ በጸጸት ወደ ደብተሯ ትመለሳለች። የሸሸችው አለመግባቱ ከፈጠረባት ከዚያ የደረት መጨመቅ ነው። በዚህች ቅጽበት ኮቿ አጠገቧ የለችም። እዚህ የሚያግዛት አስተውሎት ብቻ ነው፦ መጨመቁን መጨመቅ ብሎ ማወቅ፣ ድምፁን እንደ ሐሳብ እንጂ እንደ እውነት አለመቀበል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ወደ መስመሩ መመለስ። ኮቺንግ የምትሸሽበትን ቦታ ያሳያታል፤ አስተውሎት የምትሸሽበትን ቅጽበት ያሳያታል። ቦታውን አውቃ ቅጽበቱን ካላወቀች ዕቅዷ በወረቀት ይቀራል። ቅጽበቱን አውቃ ቦታውን ካላወቀች ደግሞ በተረጋጋ መንፈስ ያንኑ ስህተት ትደግማለች። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ይዛችሁ እንድትወጡ እወድዳለሁ።

የራሳችን ቤት

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው እንዳንል የገዛ ትምህርት ቤቶቻችንን እናስታውስ። የቅኔ ቤት ተማሪ ለቅኔ ቆጠራ ከጉባኤው ይለያል፤ ጸጥ ወዳለ ቦታ፣ ወደ ዛፍ ጥላ ሄዶ ብቻውን ሐሳቡን ያጠራቅማል። ከዚያ ተመልሶ የቆጠረውን ለመምህሩ ለብቻው ይነግራል፤ መምህሩም በዚያው ፊት ለፊት ያርመዋል። የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስተምራል። በቁርኣን ቤትም ልጁ ሎሁን ይዞ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ያነባል፤ ያለፈውን ሳያጠና ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ይህ ማይንድፉልነስም ኮቺንግም አልነበረም፤ ስሙን መለጠፍ ለሁለቱም ክብር አይሆንም። በእነዚያ ቤቶች አለንጋም እንደነበረ አንዘንጋ። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ያውቁ ነበር፦ ዕውቀት የተሰበሰበ ልብ እንደሚሻ፣ ተማሪም አንድ በአንድ መደመጥ እንዳለበት። በአንድ አዳራሽ መቶ ተማሪ ሰብስበን ስላይድ ስናነብ ያጣናቸው ሁለቱን ነው።

ጥንቃቄዎቹንም ልናገር። ተማሪዎቻችን ከየት እንደመጡ እናውቃለን። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በነበሩት ግጭቶች ቤተሰቡን ያጣ፣ ከቀየው የተፈናቀለ ተማሪ በመካከላችን ይቀመጣል። ለእንደዚህ ያለ ሰው ዓይንን ጨፍኖ ዝም ብሎ መቀመጥ ዕረፍት ሳይሆን የተዘጋ በር መክፈት ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ልምምዱ በፈቃደኝነት፣ ዓይንን ገልጦ፣ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ እየተቻለ መሆን አለበት። ኮችም የሥነ ልቦና ሐኪም አለመሆኑን ማወቅና ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ባለሙያ መምራት ይገባዋል።

ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ግን ሌላ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ተቋማት ኃላፊነታቸውን በተማሪው ትከሻ ላይ የሚያራግፉባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። መብራት ለሌለው ቤተ መጻሕፍት፣ በአንድ ክፍል ለታጨቁ ተማሪዎች፣ በቅጡ ላልተዘጋጀ መምህር «ተረጋጉና ተንፍሱ» የሚል ምላሽ መስጠት ስድብ ነው። አስተውሎት የሚጀምረው ያለውን እንዳለ ከማየት ከሆነ፣ ተቋሙም የራሱን ጉድለት በማየት ይጀምር።

ለፋኩልቲያችን ሦስት ትናንሽ ሐሳቦች አሉኝ። አንደኛ፣ ፈቃደኛ የሆንን መምህራን ክፍለ ጊዜያችንን በሁለት ደቂቃ ጸጥታ እንጀምር፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ደቂቃ ትተን ተማሪዎች ደብተራቸውን ዘግተው የያዙትን እንዲጽፉ እናድርግ። ወጪው አምስት ደቂቃ ነው። ሁለተኛ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችን መርጠን፣ ማዳመጥንና መጠየቅን አሠልጥነን፣ እያንዳንዳቸው አምስት አዲስ ተማሪዎችን በየሳምንቱ እንዲያገኙ እናድርግ። ሦስተኛ፣ ይህንን በዕጣ ከፍለን እንለካው፤ ውጤቱንም ጭንቀቱንም። የውጭ አገር ቁጥር ለእኛ ተስፋ ይሰጠናል እንጂ ማስረጃ አይሆነንም። ካልጠቀመም ለማቆም ድፍረት ይኑረን።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። «ስንት ሰዓት ልጨምር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ለረጅም ጊዜ «ሁለት ሰዓት ጨምር» እለው ነበር። ዛሬ የምለው ሌላ ነው፦ «ነገ አንድ ገጽ ብቻ አንብበህ፣ ዘግተህ፣ የገባህን በአማርኛም ቢሆን ጽፈህ አምጣልኝ። ልብህ ስንት ጊዜ እንደሄደም ቁጠር።» አብዛኞቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ገጹን ይዘው፣ የተያዙበትንም ጥያቄ ይዘው።



ከገለጻው በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ልምምዱ ከቡድሂዝም የመጣ ነው ብለዋል። ሃይማኖቴን የሚጻረር አይሆንብኝም?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው ሥሩን ያልደበቅሁት። በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ልምምድ ጸሎት፣ ምስል ወይም የእምነት ቃል የለውም፤ ትኩረትን መመለስ ብቻ ነው። ቢሆንም ኅሊናዎ ካልፈቀደ አያድርጉት። ትንፋሽን መከታተል ግዴታ አይደለም፤ የእግርዎን መሬት መንካት፣ በውጭ የሚሰማውን ድምፅ ወይም የሚያነቡትን መስመር መከታተል ይችላሉ። በየእምነታችን ያለው የጸጥታና የጸሎት ሥርዓትም የራሱ ክብርና ዓላማ አለው፤ አንዱን በሌላው መተካት አልፈልግም።

ጥያቄ፦ እኔ መቶ ሃያ ተማሪዎች አሉኝ። እንዴት ብዬ ለሁሉም ኮች እሆናለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ ባይሞክሩትም ይሻላል። የቶሮንቶዎቹ ኮቾች ራሳቸው ተማሪዎች እንደነበሩ ያስታውሱ። የመምህሩ ድርሻ ኮቾቹን መደገፍና በክፍል ውስጥ የጥያቄውን ዓይነት መለወጥ ነው። «ገብቷችኋል?» ብለን ስንጠይቅ መቶ ሃያው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። «አሁን ካልሁት ውስጥ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጻፉ» ስንል ግን መቶ ሃያ መልስ እናገኛለን። ያንን አንብቦ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ከዚያ መጀመር ለአንድ መምህር የሚቻል ነው።

ጥያቄ፦ ለማየት የሚያበቃ ለውጥ ለማግኘት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ ከጠቀስኋቸው ጥናቶች አንዱ ሁለት ሳምንት፣ ሌላው ስምንት ሳምንት የፈጀ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ለአንድ መንፈቀ ዓመት መሞከር ሚዛናዊ ይመስለኛል። ነገር ግን ለውጡን በስሜትዎ አይለኩት፤ ስሜት እንደሚያታልል አይተናል። ደብተሩን ዘግተው ይለኩት።